ከሰሉ፣ ምጣዱና ቆጣሪው



የተጋበዝኩት ሰው በየዕለት ኑሮው የሚያወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ እንዴት ሊቀንስ እንደሚችል እንድናገር ነው። ርእሱን ስትሰሙ «ይህ ደግሞ የእኛ ዕዳ ነው ወይ?» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሳልመልሰው ባልፍ አግባብ አይሆንም። ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሕዝብ ቁጥር ሲካፈል አንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው ከ0.2 ቶን በታች ነው። አንድ አሜሪካዊ ግን 14 ቶን ገደማ ይደርሰዋል። ምድሪቱን ማን እንዳሞቃት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ የከዳው፣ ከብቱ ዓይኑ እያየ ያለቀበት የቦረና አርብቶ አደር ዕዳውን የከፈለው ሳይበደር ነው።

ታዲያ እዚህ ምን አቆመኝ? ያ 0.2 ቶን የማይቆጥረው ነገር ስላለ ነው። የነዳጁን ይቆጥራል እንጂ የማገዶውንና የከሰሉን ጭስ አይጨምርም፤ የእኛ ጭስ ደግሞ በአብዛኛው ከጓዳችን የሚወጣ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። እኛ የምንቀንሰው ጭስ ከሰማዩ በፊት የሚቀለው ለራሳችን ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ጭሱን የምትጠጣው እናት ናት፤ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይጠጣል። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

በውጭ አገር የተጻፉ ምክሮችን ያነበበ ሰው ዝርዝሩን ያውቀዋል። ሥጋ ቀንሱ፣ አውሮፕላን አታብዙ፣ የቤት ማሞቂያውን ዝቅ አድርጉ ይላል። ለተጻፈላቸው ሰዎች ትክክለኛ ምክር ነው። ሥጋ በዓውደ ዓመት ብቻ ለምትቀምስ፣ በዚያ ላይ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለምትጾም የአዲስ አበባ እናት ግን ምን ይፈይድላታል? ማሞቂያ የላትም፤ አውሮፕላንም የምታውቀው በቦሌ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ነው። እሷን የሚመለከታት ወጡም ሻዩም ቡናውም የሚፈላበት ከሰል ነው።

የእኛን አገር ከብዙዎቹ የሚለየው ኤሌክትሪካችን የሚመጣበት ቦታ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ይመነጫል፤ የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስም ይታከልበታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ለአንድ ምጣድ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት በደቡብ አፍሪካ ቢሆን ይህ የአንድ ቀን ጋገራ 7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቅቅ ነበር። እዚህ ከሞላ ጎደል ምንም አይለቅም። ስለዚህ ለሌላው ዓለም ኤሌክትሪክ መቆጠብ የመጀመሪያው ምክር ሲሆን ለእኛ የመጀመሪያው ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ መሻገር ነው።

ከሰል እንዴት እንደሚሠራ አይታችሁ ታውቁ ይሆን? ግራሩ ይቆረጥና ይከመራል። ክምሩ በሣርና በቅጠል ይሸፈናል፤ በላዩ ላይ አፈር ይለበሳል። በአንድ ጎኑ እሳት ይለቀቅበታል፤ እንዲነድ ግን አይፈለግም፤ አየር አጥሮት ውስጥ ውስጡን እያረረ እንዲከስል ነው። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ለቀናት ሲወጣው ይሰነብታል። አክሳዩ ሌሊቱንም አይተኛም። አፈሩ በአንድ ቦታ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና የሳምንት ድካም አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ክምሩን እየዞረ ስንጥቁን ይደፍናል። ጭሱ ሳስቶ ሰማያዊ መልክ ሲይዝ ከሰሉ ደርሷል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያልቃል። የቀረው በጭስ መልክ ሄዷል፤ በጭሱም ውስጥ ሚቴን አለበት። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ የማሞቅ ኃይል አለው፤ በ20 ዓመት ሲሰላ 80 እጥፍ ይጠጋል። የከተማ ሰው ከሰልን «ጭስ የለውም» ብሎ ይመርጠዋል። ጭስ የሌለው የሚመስለን ጭሱን ገጠር ጥሎት ስለሚመጣ ነው።

አንድ ቤተሰብ በወር 30 ኪሎ ከሰል ያነዳል እንበል። በዓመት 360 ኪሎ ይሆናል፤ ለእሱም ቢያንስ 1,800 ኪሎ እንጨት ተቆርጧል። ከሰሉ ምድጃ ላይ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ከ400 ሊትር በላይ ቤንዚን ከማቃጠል ጋር ይስተካከላል። ይህ እንግዲህ መኪና የሌለው ቤተሰብ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የተቆረጠው ዛፍ ከተተካና ካደገ ካርቦኑን መልሶ ይወስደዋል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን የግራር ዘር በማሳቸው ይተክላሉ፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ያከስሉና ይሸጣሉ፤ ቦታው ላይም መልሰው ይተክላሉ። ብዙ ቤተሰብ ኑሮው የተለወጠው በዚህ ነው፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይመጣል። የእነዚህን ገበሬዎች ላብ ከስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ግራር መጨፍጨፍ ጋር ደምሮ መኮነን ግፍ ነው። ችግሩ በማዳበሪያ ታስሮ መንገድ ዳር የቆመው ከሰል የትኛው ከየት እንደመጣ ገዢው የሚለይበት መንገድ አለመኖሩ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ደግሞ ያ የክምሩ ጭስ አይቀርም።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። እንጀራ መጋገር አንድ ቤት ለማብሰያ ከሚያወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። በከተማችን ቆጣሪ ያለው ቤት በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የሚጋግረው፤ ይህ ማንም ሳይሰብክ በእናቶች ውሳኔ የመጣ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሊመሰገኑበት ይገባል። የቀረው ምጣዱን በአግባቡ መጠቀም ነው። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እስኪግል ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ አንዴ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን ይይዛል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ አምስት ስድስት እንጀራ ከመጋገር የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። የምጣድ ማሟሻ የሚሆነውም ሊጥ አንዴ ብቻ ይባክናል። እንጀራው እንዳይሻግት ስጋት ካለ ሁለት ጎረቤቶች ሊጣቸውን ይዘው በአንድ ምጣድ ተራ በተራ ይጋግሩ፤ ድሮም የነበረ ልማድ ነው። ሊጡ ሊያልቅ ሲል፣ ሁለት እንጀራ ሲቀር፣ ምጣዱ ይጥፋ፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል። ከዚያ በኋላም ለብ እንዳለ ድርቆሽ ያደርቃል። አክምባሎው በደንብ የማይገጥም ከሆነም ይቀየር፤ እንፋሎቱ የሚወጣበት ክፍተት ሁሉ ከቆጣሪው ላይ የሚሄድ ገንዘብ ነው።

ወጡ ላይ ጉልበት የሚባክነው ደግሞ በክዳን ማጣት ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና አደንጓሬ ማታ ተዘፍዝፈው ቢያድሩ የመቀቀያው ጊዜ በብዙ ያጥራል። በግፊት የሚያበስል ድስት መግዛት ለሚችል ቤት ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም፤ በበሬ ሥጋም ሆነ በአደንጓሬ ሰዓታት ያድናል። ቁሌቱ ክፍቱን መታሸት አለበት፤ ውሃ ከገባበት በኋላ ግን ድስቱን ክፍት አድርጎ ማንተክተክ ጣዕም አይጨምርም።

ቡናን በተመለከተ የማምንበትን ልንገራችሁ። ፍሙ ዙሪያ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ይህን አስቀሩ የሚል ምክር ከእኔ አትሰሙም። የምለምናችሁ ለየዕለቱ ሻይ፣ ለሕፃን ወተት፣ ለጠዋት ፍርፍር ከሰል ማቀጣጠል እንዲቀር ነው። ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ተብሎ የተያያዘ ከሰል ሻዩ ከተጠጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ይነዳል። ከሰሉ ለቡናው ብቻ ይያያዝ፤ በዚያው ፍም ላይ ሽሮም ይጣድበት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ፍም ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ፈጽሞ ይቅር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች በየዓመቱ በእንቅልፋቸው ያልቃሉ።

ኤሌክትሪክ ያልደረሰበት ቤት ምን ያድርግ? ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ማገዶው ግን በእርግጥ ይቀንሳል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ወደ ድስቱ የሚደርሰው ሙቀት ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። ላቀች የሚሉት የከሰል ምድጃም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ያተርፋል። ሁለቱም እዚሁ አገር ከ30 ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው። ገጠር ለሚኖር ዘመድ ለበዓል ስጦታ የሚያስብ ሰው ከዚህ ይጀምር።

«መብራት ሲጠፋስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ከሰሉን ከቤት ሙሉ በሙሉ ያላወጣነው እምነት ስላጣን ነው። ግድቡ ቢሞላም መስመሩና የሰፈሩ ትራንስፎርመር ካልቻለ ምጣዱ አይግልም። ይህን ማስተካከል የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከመጠየቅ መቦዘን የለብንም። በእኛ እጅ ያለው ጭነቱን ማከፋፈል ነው። ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ፣ ምሽት ላይ፣ ምጣዱም ምድጃውም ካውያውም በአንድ ጊዜ ይሰካል፤ ትራንስፎርመሩ የሚደክመው ያኔ ነው። ምጣዱን ወደ ቀን ወይም ወደ ሌሊት ማዛወር የሚችል ቤት ለጎረቤቱ መብራት ይተዋል። አምፖል ማጥፋትም ለእኛ ትርጉሙ ይኸው ነው። እዚህ የጠፋ አምፖል የድንጋይ ከሰል አይቀንስም፤ የተረፈው ኃይል ግን ያለበለዚያ ከሰል የምታቀጣጥል ሴት ምድጃ ላይ ይደርሳል፤ የሱቁም ጄኔሬተር ሳይነሳ ይውላል። ጄኔሬተር ከሚያቃጥለው እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ስለ ቆሻሻ ሳልናገር አላልፍም። የቆሼን ስም ስንሰማ ሁላችንም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. እናስታውሳለን። የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረበት ቀን ነው። ከከተማችን ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የተረፈ እንጀራ። ይህ ነገር አፈር ላይ፣ አየር እያገኘ ቢበሰብስ ማዳበሪያ ይሆናል። በላስቲክ ታስሮ ተራራ ሥር ሲታፈን ግን ሚቴን ያወጣል። የምግብ ብክነት በዓለም ከሚለቀቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከ8 እስከ 10 በመቶ ድርሻ እንዳለው ይገመታል፤ ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር የሠርግና የምርቃት ድግሶቻችን በዓይኔ ይመጣሉ። ከአዳራሹ ጀርባ በጆንያ የሚጣለው እንጀራ፣ ያ ሁሉ ጤፍ፣ ያ ሁሉ የበሬ ሥጋ! ድርቆሽና ፍርፍር የፈጠረ ሕዝብ እንጀራ በጆንያ መጣል አይገባውም። ግቢ ያለው ሰው ጉድጓድ ይቆፍር፤ የጓዳውን ልጣጭ ከደረቅ ቅጠል ጋር እያነባበረ ይሙላው፤ አልፎ አልፎ ያገላብጠው። በጥቂት ወራት ጥቁር ለም አፈር ይወጣዋል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ከባድ ነው፤ እዚያ የሚያዋጣው ነዋሪዎች ተነጋግረው የሚበሰብሰውን ለብቻ ቢያጠራቅሙና በግቢው አትክልት ቦታ ቢጠቀሙበት ነው።

መጓጓዣ ላይ ብዙ አልቆይም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ ለእግረኛ ስለ ልቀት መስበክ አይገባም፤ ይልቁን ደህና የእግር መንገድ ይሠራለት። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የከተማ ባቡርም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው በእኛ አገር ከመኪናው የሚወጣውን ጭስ በእርግጥ አስቀርቷል። ቤንዚን መኪና ያለው ደግሞ ከአንድ ሊትር 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ይወቅ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ የሥራ ባልደረቦችን ይጫን፤ ለሁለት ፌርማታ መንገድ ቁልፍ አያንሳ።

ከመካከላችሁ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ውጭ አገር የሌለው ጥቂት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ለሚኖሩት የምክሩ ቅደም ተከተል ይለወጣል። በገልፍ አገሮችና በእስራኤል ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ስለሚመነጭ እዚያ ሰው ከሌለበት ክፍል የማቀዝቀዣ መሣሪያ ማጥፋት በቀጥታ ጭስ መቀነስ ነው። አሜሪካ ያለው ወገናችን ትልቁ ጭሱ ከመኪናው፣ ከቤት ማሞቂያውና ከበሬ ሥጋው ነው። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ አንድ መንገደኛ 2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድርሻው ነው። እናቱን ለመጠየቅ የሚመጣን ልጅ አትምጣ አልልም፤ ሲመጣ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ፤ ሁለቱን አጭር ጉዞ አንድ ያድርገው። ለበዓል ከሚልከውም ገንዘብ ላይ ለእናቱ ጥሩ ምጣድና ሁለት ዓይን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይግዛላት።

የመጨረሻው ቃሌ ለአከራዮች ነው፤ ከእናንተም መካከል ብዙዎቻችሁ እንደምታከራዩ አውቃለሁ። በዚህ ከተማ ተከራይ ቤት ሲፈልግ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚነገረው «ምጣድ አይቻልም፣ ምድጃ አይሰካም» የሚል ነው። አንዱ ቆጣሪ ለአራት ለአምስት ቤት ስለሚያገለግል፣ ሒሳቡ ስለሚያጣላና ታሪፉም ስለጨመረ ስጋታችሁ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ ህዳሴን ያህል ግድብ በሠራ አገር፣ መብራት በገባለት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ወጣት እናት ሦስት በሦስት በሆነች ክፍል ልጇን አስተኝታ ከሰል ታራግባለች። ከሰል የምታነደው አማራጭ ስለተከለከለች እንጂ ወዳ አይደለም። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት የአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የተጠቀመውን ይከፍላል፤ ጭቅጭቁም ይቀራል። የቆየ ሽቦ ካለም አብሮ ይታይ፤ ለራሳችሁም ቤት ደኅንነት ነው።

ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ተከራዮቻችሁን ጥሩና ምጣዱንም ምድጃውንም ፍቀዱላቸው።